ፓሪስ ግድግዳ ላይ፣ ጎባ ምድጃ ውስጥ



ሰሞኑን ሮቤ ውስጥ አንድ አዲስ ካፌ ማኪያቶ ልጠጣ ገባሁ። ግድግዳው ላይ አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ የታተመ ትልቅ የፊልም ፖስተር ተሰቅሏል። «የአንዳሉሲያ ውሻ» ነው። አስተናጋጇን «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «ለጌጥ ነው ጋሼ» አለችኝ።

ጌጥ ብቻ አይደለም። ሉዊስ ቡንዩኤል ከሰዓሊው ከሳልቫዶር ዳሊ ጋር ጽፎ በ1929 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳየው አጭር ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የተነሳው ሁለቱ ካዩት ሕልም ነው፤ በአንደኛው ደመና ጨረቃን ይቆርጣል፣ በሌላው ጉንዳን እጅን ይወርራል። ርዕሱ ውሻ ይላል፤ ፊልሙ ውስጥ የምታገኙት ግን ፒያኖ ላይ የተጋደሙ የሞቱ አህዮችን ነው። እንዲህ ሕልምን እንደ እውን የሚያሳየውን ጥበብ ሱሪያሊዝም ይሉታል።

ባለ ካፌውን አልወቅስም። ያናደደኝ ያልተሰቀለው ነው።

የሮቤና የጎባ ልጆች፣ ቪዲዮ ቤቶቹን ታስታውሳላችሁ? በሩ ላይ የተለጠፈውን የሕንድ ፊልም ፖስተር፣ በጠመኔ የተጻፈውን ሰዓት? መግቢያ ያጣን ልጆች ፖስተሩን ብቻ አይተን ሙሉ ታሪክ ፈጥረን ለሰፈሩ እንተርክ ነበር። እኛም ሕልም የጀመርነው እዚያ በር ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ጎባ ላይ አንድ የድሮ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋ ሄጄ ፖስተሮቹን ጠየቅኋቸው። «ኧረ ልጄ፣ በክረምቱ እሳት አቀጣጠልንባቸው እኮ!» አሉኝ። በሳቸው አልፈርድም። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደግሞስ «ይጠቅማል፣ አስቀምጡት» ያላቸው ማን አለ?

«ገበሬው ማዳበሪያ እያለ ሲጮህ አንተ ስለ ወረቀት ታወራለህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልመልስ። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስለ ባለርስትና ስለ ጭሰኛ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሕልምና እውን ይቀላቀሉበታል። ጭሰኛው በውስጡ ይራባል፣ ይገፋል፣ ሕልምም ያያል። ገበሬ ሆድ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከ1963 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የመሬትና የግብር በደል ጠመንጃ ባስነሳበት በባሌ፣ የዚህን ፊልም ፖስተር የሰቀለ አንድ ካፌ አሳዩኝ! እኔ አላየሁም።

የውጭውን አውርዱ አላልኩም። የራሳችንን ከጎኑ ስቀሉ ነው የምለው። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሮቤ አለልን፤ ለዚህ ሥራ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያና አንድ ስካነር ይበቃል። እናንተም ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ የተጠቀለለ ፖስተር ካለ፣ ከማቃጠላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። የቪዲዮ ቤቱን ስምና ዓመተ ምህረቱን ጻፉበት።

የፓሪሱ ፖስተር እንደገና ይታተማል። ጎባ ላይ የነደደውን ግን ማን ያትምልናል?