ባዶ ቦታ እያለ ፋይሉ ለምን አልገባም?

ዛሬ የእጅ ስልክ ከመነጋገሪያነቱ አልፎ የቤተሰብ አልበም ሆኗል። የልጅ ክርስትና፣ የእህት ሠርግ፣ በሕይወት የሌሉ እናት ድምፅ ሳይቀር የሚቀመጠው ጥፍር በምታህል ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ አያያዟ ጥቂት ማወቅ ለቤት እመቤቷም ሆነ ለሠራተኛዋ እናት ይጠቅማል።

በአንዲት የሥራ ባልደረባችን ላይ የደረሰውን እናንሣ። የእህቷን የሠርግ ቪዲዮ ከፎቶ አንሺው በፍላሽ ተቀብላ ወደ ስልኳ ሜሞሪ ካርድ ለመገልበጥ ስትሞክር፣ ፋይሉ በጣም ትልቅ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት መጣባት። ካርዱ የሞላ መስሏት የልጇን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶግራፎች አጠፋች። ቪዲዮው ግን አሁንም አልገባም። ኋላ ሲታይ ካርዱ የ32 ጊጋባይት ሆኖ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር፤ ቪዲዮው ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ።

ችግሩ የቦታ እጥረት አልነበረም። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ ሜሞሪ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት «ፋት 32» በሚባል የፋይል አመዘጋገብ ሥርዓት ተዘጋጅተው ነው። በዚህ መዝገብ የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ በመሆኑ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይመዘገብበትም። ነገሩ ሦስት አኃዝ ብቻ የሚያስጽፍ የዕድር መዝገብ ከ999 ብር በላይ እንደማይቀበል ማለት ነው፤ የገንዘብ ሣጥኑ ባዶ ቢሆንም መዝገቡ አይፈቅድም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፣ ምንም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት የፋይሉን መጠንና በካርዱ ላይ የቀረውን ቦታ ያስተያዩ። ባዶው ቦታ ከፋይሉ በልጦ፣ ፋይሉ ግን 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፎቶግራፍ ማጥፋቱ አንዳች አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮው እያንዳንዳቸው ከ4 ጊጋባይት ባነሱ ክፍሎች ተከፍሎ እንዲሰጥዎ ፎቶ አንሺውን ይጠይቁ። ቀላሉና አደጋ የሌለው መንገድ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ካርዱን «ኤክስፋት» በተባለው ሥርዓት ፎርማት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ሥርዓት ትልልቅ ፋይሎችን ይቀበላል። ነገር ግን ፎርማት ማድረግ በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጡ፤ የተገለበጠውም በትክክል መከፈቱን ያረጋግጡ። አንዳንድ የቆዩ ስልኮች ኤክስፋትን ስለማያነቡ ስልክዎ ይህን መቀበሉን ቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ፋይል በመላክም ረገድ ወሰን አለ። በጂሜይል አባሪ ሆኖ የሚላከው እስከ 25 ሜጋባይት ሲሆን፣ ቴሌግራም ክፍያ ሳይጠይቅ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ቪዲዮው ውጭ አገር ላለች እህት አልሄድ ቢል ስልኩ ተበላሸ ብሎ ከመደናገጥ በፊት መጠኑን ማየት ይበጃል።

ባልደረባችን ቪዲዮውን ለሁለት አስከፍላ ዛሬ በስልኳ ታየዋለች። ከልጇ ፎቶግራፎች ግን የተገኙት ቀደም ሲል ለአያትየዋ የላከቻቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እንግዲህ አንባቢያችን፣ «አልገባም» የሚል መልእክት ሲመጣ እጅዎ ወደ ማጥፊያው ከመሄዱ በፊት የከለከለው የቦታ ጥበት ወይስ የፋይሉ ትልቀት መሆኑን ይለዩ። ሠርጉን ፎቶ አንሺው ደግሞ ሊሰጥ ይችላል፤ የጠፋውን የልጅ ፈገግታ ግን ማንም አይመልሰውም።