በዓላችንን በእንግሊዝኛ ማን ይናገርልን?



በግቢያችን ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ችግር በተነሣ ቁጥር ወቀሳው የሚወርደው በሰዋስው ላይ ነው። ግሡ ከባለቤቱ ጋር አልተስማማም፤ የኃላፊ ጊዜው ተዛባ፤ መስተዋድዱ ከቦታው ወጣ፤ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊታረምም ይገባዋል። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን ሥሩ የጠለቀ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ጀማሪ ተማሪ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ትርኢት፣ ስለ ድግስና ስለ በዓል የሚማራቸው የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ጉዳይ ነው።

ለጀማሪ የሚዘጋጀው የቃላት ዝርዝር ከየትም ይምጣ ከየት መልኩ ያው ነው። በርዝዴይ፣ ኬክ፣ ካንድል፣ ባሉን፣ ፓርቲ፣ ኮንሰርት፣ ቲኬት፣ ፌስቲቫል፣ ሆሊዴይ ይላል። ቃላቱ ክፉ ናቸው አንልም፤ ሊታወቁም ይገባል። ነገር ግን ተማሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረው የኬክና የፊኛ ቀን ሳይሆን፣ ችቦ የተለኮሰበት፣ ታቦት የወረደበት፣ ጅራፍ የጮኸበት፣ ሙልሙል የተጋገረበት፣ ወይም የዒድ ጸሎት ወጥቶ ከጎረቤት ጋር የተበላበት ቀን ሊሆን ይችላል። ይህን ተማሪ ስለ መስቀል በእንግሊዝኛ ንገረን ብትሉት «ኢት ኢዝ ኤ ሆሊዴይ፤ ዊ ኢት፤ ዊ ድሪንክ፤ ዊ አር ሃፒ» ብሎ ዝም ይላል። ይኸው ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጠየቅ ግን ደመራው እንዴት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚለኩሰው፣ ወዴት ሲወድቅ ምን እንደሚባል አንድ ሰዓት ሙሉ ሊያጫውታችሁ ይችላል።

ታዲያ ጉድለቱ የዕውቀት አይደለም፤ የቃል ነው። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ደግሞ የቃል ጉድለት እንደ ዕውቀት ጉድለት ይቈጠራል። በእንግሊዝኛ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ተማሪው እንደማያውቀው ሆኖ ይታያል። እያደር ራሱም የማያውቀው ይመስለዋል። ጉዳዩን ከሰዋስው ስሕተት የከበደ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምሳሌ እንግባ። ጥምቀትን በእንግሊዝኛ «ኤፒፋኒ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በዓሉን በመዝገቡ ላይ ሲያሰፍር የተጠቀመው ስም ይኸው «የኢትዮጵያ ኤፒፋኒ» የሚለው ነው። ነገር ግን የምዕራብ አገር ክርስቲያን ኤፒፋኒ ሲባል በጃንዋሪ 6 ቀን የሚከበረውን፣ የሰብአ ሰገልን መምጣት የሚያስበውን በዓል ነው የሚያስታውሰው። የእኛ ጥምቀት ጥር 11 ቀን፣ ማለትም በነሱ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ የሚያስበውም የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅ ነው። ዋዜማውን ከተራን፣ ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው በውሃ ዳር ማደራቸውን፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ እየዘመረ ማጀቡን «ኤፒፋኒ» የምትለው አንዲት ቃል ልትሸከም አትችልም። ገናንም «ክሪስማስ» ብለን ብቻ ስንተወው ሰሚው ዲሴምበር 25ን ያስባል፤ እኛ ግን የምናከብረው በነሱ ጃንዋሪ 7 ነው። በሜዳ ላይ በዱላና በሩር የሚደረገው የገና ጨዋታማ ጨርሶ ከትርጕሙ ውጭ ይቀራል።

ከስም ወደ ግሥ ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። እኛ «ልጋብዝህ» ስንል ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ ማለታችን ነው። «ኢንቫይት» ግን መጥራት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከወዳጁ ጋር ቡና ጠጥቶ ሲያበቃ «አይ ኢንቫይት ዩ» የሚል ተማሪ ሰሚውን ግራ ያጋባል፤ አብሮት ተቀምጦ ሳለ እንደ ገና ወዴት እንደሚጠራው አይገባውምና። እኛ «ቁጭ በልና እንጫወት» ስንል እናውራ ማለታችን ነው። ይህን ቃል በቃል «ሌት አስ ፕሌይ» ብሎ ለአዋቂ ሰው ማቅረብ ኳስ ወይም ካርታ የሚያስመጣ ነው። እንዲሁም ጀማሪው «ፋስት» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ፈጣን በሚለው ፍቺው ብቻ ነው። ይኸው ቃል ጾም ማለት መሆኑን ሳይነገረው ስለ ዐቢይ ጾም ወይም ስለ ረመዳን እንዲጽፍ ይታዘዛል። ያለ ጾም ደግሞ ፋሲካ ምኑን ፋሲካ ነው? ዒድ አል ፈጥርስ ስሙ ራሱ ጾም መፍታትን የሚያመለክት አይደለምን?

ከሁሉ የሚያሳዝነን የዜማው ነገር ነው። እኛ ዘፈንን ከመዝሙር፣ መዝሙርን ከወረብ፣ ቀረርቶን ከሽለላ እንለያለን። የጀማሪው መጽሐፍ «ሶንግ» እና «ዳንስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ እየታጀቡ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያሸበሽቡ ያየ ተማሪ «ዘ ፕሪስትስ ዳንስ» ብሎ ይጽፋል። ካህናቱ ሲጨፍሩ አደሩ ያለ ያህል ነው! ልጁ አክብሮት አጥቶ አይደለም፤ «ሂም» እና «ፕሮሴሽን» የሚሉትን ቃላት ያስተማረው ስላልነበረ ነው። «ዜመ» ከማለት «ጨፈረ» ወደ ማለት ያወረደው የቃላት ዝርዝሩ ነው።

«እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ሰላምታም አለ። በዚህ አባባላችን ውስጥ ዓመቱን ያሻገረ ፈጣሪ አለ፤ ያልደረሱትን ማሰብም አለ። «ሃፒ ሆሊዴይ» ግን የሚመኘው ደስታን ብቻ ነው። እኛ ሁለቱን አናበላልጥም፤ እያንዳንዱ በአገሩ ልክ ነው። ግን አንዱ የሌላው ትርጕም ነው ብሎ ማስተማር ለተማሪው ሐሰት መንገር ነው። እንግሊዛዊም ቢሆን «ፓርቲ መወርወር» ይላል፤ ቃል በቃል ብንወስደው ማን ላይ እንደሚወረውረው አናውቅም። እኛም በበኩላችን ድንኳን እንጥላለን፤ የሚጐዳ ሰው ግን የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ጎን ለጎን አድርጎ ለተማሪው ማሳየት ደስ እያሰኘ ያስተምራል።

ሰዓትና ቀንም የዚሁ ትምህርት ክፍል ሊሆኑ ይገባል። የሰርግ ጥሪያችን «ከቀኑ 6 ሰዓት» ሲል በፈረንጅ አቈጣጠር እኩለ ቀን፣ ማለት 12 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስተካክል 6 ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው፣ እንግዳው ምሳ ተበልቶ፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ቢመጣበት ሊፈርድበት አይችልም። መስከረም 1 ቀንም በነሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 መሆኑን ጀማሪው ከ«ኒው ይር» ጋር አብሮ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የባዕድ ስያሜ ተመልሶ በእኛው አፍ ሲገባ እናያለን። እናቶቻችን «ቡና ጠጡ» ብለው ይጠራሩ ነበር፤ ይጠራራሉም። ለጐብኚ ሲባል «ኮፊ ሴሬሞኒ» ተባለ። ዛሬ ደግሞ ይኸው ስም በአማርኛ ተመልሶ «የቡና ሥነ ሥርዓት» እየተባለ በየአዳራሹ ይነገራል። የጎረቤት ሸንጎ፣ የዕርቅና የምክር ቦታ የነበረው ጀበና ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት ሆነ። የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ሰዎች ሲኒማ ሲመጣባቸው «የሰይጣን ቤት» ብለው በራሳቸው አፍ ስም አወጡለት። ፍርዳቸው ልክ ነበር አንልም፤ ነገር ግን ያዩትን ነገር በራሳቸው ዐይን አይተው ሰየሙት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በ1910ዎቹ ዓ.ም. ቴአትር ሲጽፉ «ኮሜዲያ» የሚለውን የባዕድ ቃል ወሰዱ፤ ይዘቱን ግን በአማርኛ አደረጉት። መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያለንን ጥሎ መዋስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው «እንግሊዝኛ የሚማር ሰው የእንግሊዞችን ኑሮም መማር አለበት፤ አለዚያ መጽሐፋቸው አይገባውም» የሚለው ነው። እውነት አለበት። እኛም ሃሎዊን ይሰረዝ አላልንም። ያልነው ጀማሪ የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ይጀምር ነው። የማያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ መጀመር ሁለት ሸክም በአንድ ጫንቃ ማድረግ ነውና። ደግሞም እንግሊዝኛ ራሱ ስም ለመቀበል አያፍርም፤ ኦፔራን ከጣልያን፣ ካራኦኬን ከጃፓን እንዳሉ ወስዷቸዋል። ታዲያ እስክስታንና ደመራን በስማቸው ብንሰጠው ምን ይቸገራል? ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን «ስግድ»ን በስሙ ይዘው ሄዱ፤ በስሙ አከበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ በሕግ የአገር በዓል ሲያደርገውም ስሙ ስግድ ነበር። ስሙን ያልለቀቀ ትርጕሙንም አላጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የማንን በዓል ልናስተምር ነው?» የሚል ነው። መልሳችን የሁሉንም ነው። መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ የሐረሪ ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ወደዚያ የሚቀርበው ሰነድ የሚጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ አንድ በዓል በዓለም ፊት ለመታወቅ የሚያውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ሊጽፍለት ግድ ይላል ማለት ነው። የሹዋሊድ ልጅ ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የስድስት ቀን ጾም መፍቻ፣ የሲዳማ ልጅ አያንቱዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን መወሰናቸውን፣ የኦሮሞ ልጅ እሬቻ ክረምቱ ሲያልፍ እርጥብ ሣር ይዞ የሚቀርብ ምስጋና መሆኑን፣ የትግራይ ልጅ አሸንዳ የልጃገረዶች በዓል መሆኑን እያንዳንዱ በክፍሉ ቆሞ ቢናገር፣ ጓደኛው እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን አገሩንም ይማራል። በአንድ መኝታ ክፍል አራት ዓመት አብረን ኖረን አንዳችን የሌላችንን በዓል በስም ብቻ የምናውቅ ስንቶች ነን?

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችን ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጡት ልምምድ «የልደት ቀኔ» ከሚለው ድርሰት አስቀድመው «በአካባቢዬ የሚከበር በዓል» የሚለውን ያስጽፉ። ለዚህም የሚያስፈልጉትን ቃላት ያስቀድሙ፤ ለጾም ፋስት፣ ለችቦ ቶርች፣ ለደመራ እሳት ቦንፋየር፣ ለምርቃት ብሌሲንግ፣ ለመከር ሃርቨስት፣ ለዑደት ፕሮሴሽን የሚሉትን። እነዚህ ቃላት ከባሉን አይከብዱም።

ሁለተኛ፣ የበዓሉ ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ከስሙ ቀጥሎ በአንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር ምንነቱ ይገለጽ። «ኤፒፋኒ» ብሎ ከማለፍ «ጥምቀት» ብሎ መጥራትና ማስረዳት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ከየአካባቢው ከመጡ ተማሪዎች እየሰበሰበ አንዲት ትንሽ የቃላት መጽሐፍ ያዘጋጅ። ብዙ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ወረቀት፣ ቀለምና ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቋታል። እያንዳንዱ የበዓሉ ባለቤት የራሱን ይጻፍ፤ መምህራንም እንግሊዝኛውን ይመልከቱልን።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል ተረታችን። የሰው ድስት ማማሰልን የምንጠላ አይደለንም፤ ሙያም ይገኝበታል። ግን የራሳችን እያረረ መሆኑን ከመምህሮቻችንም ከጓደኞቻችንም ጋር ሆነን ልናየው ይገባል። ስለ በዓላችን የሚጠይቀን ሰው በመጣ ጊዜ መልሱን ከጐብኚ መጽሐፍ እንዳናነብለት፣ ቃሉን ከአሁኑ እንማር፤ እናስተምርም።