ሲሮጡ የታጠቁት…

ባሌ ውስጥ የዶላር ዋጋ የሚታወቀው በባንክ መስኮት አይደለም፤ በማዳበሪያ ነው። ገሰራ ላይ ስንዴ የሚዘራው ገበሬ ዶላር በእጁ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። ማዳበሪያው ግን ከውጭ የሚገዛው በዶላር ነውና የምንዛሬው ነገር ማሳው ድረስ ይመጣበታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን በመመሪያ ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ 74 ብርን አለፈ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ መቶውን ተሻገረ። ተወካዮቻችንስ? ዕረፍት ላይ! የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሰኔ 30 ያበቃላ። ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቁ። የዓመቱ ዋና በጀት እኮ 971 ቢሊዮን ነበር! ውሳኔው ሲወሰን ያልተጠራ ሰው ሒሳብ ሲመጣ ተጠራ ማለት ነው።

በእርግጥ የምንዛሬ ለውጥ አስቀድሞ በአደባባይ አይመከርበትም። ወሬው ቀድሞ ከወጣ ነጋዴው ዕቃውን ይደብቃል፣ ዶላር ያለውም ያከማቻል። ይህን አንክድም። አንቀጽ 77 የውጭ ምንዛሬን የመቆጣጠር ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት መስጠቱንም እናውቃለን። ነገር ግን አንቀጽ 55 የፋይናንስና የገንዘብ ፖሊሲን የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። ምስጢሩ ከውሳኔው በፊት ይሁን፤ ከውሳኔው በኋላስ ማንን ነው የምንደብቀው?

አሜሪካኖች በ2008 እ.ኤ.አ. ባንኮቻቸው ሲንገዳገዱ የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ በጥድፊያ አቀረቡ። የታችኛው ምክር ቤታቸው ሴፕቴምበር 29 ቀን 228 ለ205 በሆነ ድምፅ ጣለው። ገበያው በዚያው ቀን ክፉኛ ወደቀ። ረቂቁ ተሻሽሎ ኦክቶበር 3 ቀን 263 ለ171 አለፈ። አራት ቀን ብቻ! ሕጉን የምንወደውም የምንጠላውም እንኖራለን፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው ግን በየስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል።

የእኛ አገር ችግር የጥድፊያ መንገድ ማጣት አይደለም። አስቸኳይ የተባለ ረቂቅ ለቋሚ ኮሚቴ ሳይመራ በአንድ ስብሰባ ሊጸድቅ ይችላል። አፈ ጉባኤው በዕረፍት ጊዜ ስብሰባ መጥራት ይችላል፤ ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁት ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። የጎደለን ቀነ ገደብ ነው። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ይህ ለጦርነት፣ ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ነው። ለገንዘብ ቀውስ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት አልተሞላም።

እኛ የምንለው አጭር ነው፦ የብርን አቅም የሚነካ ትልቅ ውሳኔ ሲወሰን፣ ዕረፍትም ይሁን ሥራ፣ ምክር ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ይሰብሰብ። የባንኩ ገዥ ይጠየቅ፣ ኮሚቴው በግልጽ ይስማ፣ ድምፁም በየስም ይመዝገብ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ አዋጅ ይበቃል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሚፈታው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይደለም፤ እዚህ፣ ማሳ መሃል ነው።