የናርኒያው ከሃዲ

ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመውን «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» የተሰኘ የልጆች ልቦለድ ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው አስላንን ነው። የታላቁ አንበሳ ግርማ፣ ሞቱና ትንሣኤው ልብ ይይዛልና አይገርምም። ሉሲን የሚወዱም ብዙ ናቸው፤ ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ የተሰቀሉትን ካፖርቶች እየገፋች፣ በረዶ ወደሚወርድባት ናርኒያ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። እኔ ግን የመጽሐፉ ጥልቅ ገጸ ባሕርይ ኤድመንድ ነው እላለሁ። ወንድሙንና እህቶቹን ለጠላት አሳልፎ የሰጠው ይህ ልጅ ባይኖር ናርኒያ እንስሳት የሚናገሩባት ደስ የምትል አገር ብቻ ሆና ትቀር ነበር። ሉዊስ ስለ ክህደት የሚያውቀውን ሁሉ ያፈሰሰው በእሱ ላይ ነው፤ የሚያውቀውም ጥቂት አልነበረም።

በኤድመንድ ላይ የሚሰጠው የተለመደ ፍርድ «ቤተሰቡን በከረሜላ የሸጠ ሆዳም» የሚል ነው። ነገሩ መነሻ አለው። አራቱ ልጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ገጠር ውስጥ በአንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ተጠልለዋል። ኤድመንድ ናርኒያ ሲገባ ነጯ ጠንቋይ በተንሸራታች ጋሪዋ ላይ አስቀምጣ፣ በካባዋ ሸፍና፣ ትኩስ መጠጥ ካጠጣችው በኋላ ምን መብላት እንደሚወድ ትጠይቀዋለች፤ እሱም የቱርክ ጣፋጭ ይላታል። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ከረሜላና ቸኮላት በራሽን ነበር የሚሸጠው፤ ገደቡ የተነሳው በ1953 ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሣጥን ጣፋጭ ለብቻ መብላት ማለት ምን እንደሆነ ለመጀመሪያዎቹ ትንንሽ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በዚያ ላይ ጣፋጩ አስማት አለበት፤ አንዴ የቀመሰው ሰው እስኪሞት ቢበላ አይጠግብም። ከዚህ ተነስተው ኤድመንድን የሚያዝኑለትም አሉ። ልጅ ነው፣ ተደግሞበታል፣ ምን ያድርግ ይላሉ።

ሆዳምነትም ሆነ ድግምት ግን ዋናውን ነገር አያስረዳም። ዋናው ክህደት የሚፈጸመው ናርኒያ ውስጥ ሳይሆን በፕሮፌሰሩ ቤት፣ በእህትማማቾችና በወንድማማቾች መካከል ነው። ሉሲ ስለ ናርኒያ ተናግራ ማንም አላመናትም፤ ኤድመንድም ሲያሾፍባት ሰንብቷል። አሁን ግን እሱም ገብቶ አይቷል። ሉሲ ምስክር አገኘሁ ብላ በደስታ እየተፍለቀለቀች ወደ ታላላቆቻቸው ወደ ፒተርና ሱዛን ትሮጣለች። ሁለቱ ዞረው ሲጠይቁት፣ ኤድመንድ እኮ ስንጫወት ነበር፣ እውነት አስመስለን ነው እንጂ ምንም የለም ይላል። ሉሲ አንድ ጊዜ አየችውና ከክፍሉ ሮጣ ወጣች። ይህን ውሸት ጠንቋይዋ አላዘዘችውም። እንዲያውም የፈለገችው ሌሎቹን ይዞላት እንዲመጣ ነበርና፣ አዎ ገብቻለሁ ቢል ይበልጥ ይቀናት ነበር። ኤድመንድን ያስዋሸው ታናሽ እህቱ ትክክል ሆና መገኘቷ፣ እሱም ተሳስቼ ነበር ማለት የሚኖርበት መሆኑ ነው። ሉዊስ ክህደትን ማንኛውም ልጅ ትናንት ቤቱ ውስጥ ሊፈጽመው በሚችል ነገር ላይ መጀመሩ ትልቅ ሥራ ነው። አሳልፎ መስጠቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ መንገዱ የተጠረገው እዚህ ጋ ነው።

ወንድሙንና እህቶቹን ሊያሳብቅባቸው ወደ ጠንቋይዋ ቤት በበረዶ ውስጥ ሲጓዝም እንዲሁ ነው። በጨለማ እየወደቀና እየተነሳ፣ ጠንቋይዋ ቃል እንደገባችልኝ ንጉሥ ስሆን መንገድ አሠራለሁ፣ የራሴ ሲኒማ ቤትና ብዙ መኪና ይኖረኛል፣ ፒተርንም ልኩን አሳየዋለሁ እያለ ያቅዳል። ጠንቋይዋ ያን ያህል ክፉ አይደለችም እያለም ራሱን ያሳምናል። ተራኪው ግን ከልቡ ጥግ ጨካኝ መሆኗን ያውቅ እንደነበር በግልጽ ይነግረናል። ድግምት ጣፋጩን ያስመኛል እንጂ የሚያውቁትን እንዳላወቁ ማድረግን አያስተምርም። ያ የኤድመንድ የራሱ ሥራ ነው። የተመለሰበት ቅጽበትም በዚያው ልክ የተመጠነ ነው። ጫካ ውስጥ ማዕድ ቀርቦላቸው የሚደሰቱ ትንንሽ እንስሳትን ጠንቋይዋ በበትሯ ወደ ድንጋይ ስትቀይራቸው ያያል፤ በታሪኩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ሌላ ለሆነ ሰው ያዝናል። ልጁ የሚለወጠው በስብከት ሳይሆን በዚያ ማዕድ ፊት ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ይቅርታውን የሚመለከት ነው። ከሃዲ ሁሉ የጠንቋይዋ ነው የሚለው የጥንት ሕግ ሊፈጸም ሲል አስላን በኤድመንድ ፈንታ በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ይታረዳል። ዕዳውን ሌላ ከፈለለት፣ እሱ በነጻ ወጣ፣ የቀረው የወንጌል ግልባጭ ነው የሚሉ አሉ። ክርስቲያናዊ መሠረቱ አይካድም። ነገር ግን ይቅር የተባለውን ልጅ ሉዊስ ምን እንዳደረገው እንመልከት። አስላን ከመታረዱ በፊት ኤድመንድን ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል፤ ምን እንዳለው ግን አይጻፍም። ከዚያ ለሌሎቹ ስላለፈው አታንሱበት ይላቸዋል። ተግሳጹ አለ፤ በአደባባይ ማዋረድ የለም። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ሌሎች ጠንቋይዋን ሊመቱ እየሮጡ ድንጋይ ሲሆኑ፣ መመታት ያለበት በትሯ መሆኑን አስተውሎ የሰበረው ኤድመንድ ነው፤ ሊሞት እስኪደርስም ቆስሏል። ሉሲ በመድኃኒቷ ከፈወሰችው በኋላ ሁለቱ እህቶች አስላን ምን እንደከፈለለት ይነገረው ወይስ አይነገረው ብለው ይንሾካሾካሉ፤ ሱዛን በጣም ይከብደዋል ትላለች፣ ሉሲ ማወቅ አለበት ትላለች። ነገሩ በነጻ ያለፈ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ባልተነሳ።

ውጤቱን ደግሞ የመጽሐፉ መጨረሻና ቀጣዮቹ መጻሕፍት ያሳያሉ። ኤድመንድ ጻድቁ ንጉሥ ተብሎ በፍርድና በምክር የታወቀ ሆኗል። በ1951 በወጣው «ልዑል ካስፒያን» ሉሲ አስላንን አየሁት ስትል፣ ሌሎቹ ሲጠራጠሩ ቀድሞ ከጎኗ የቆመው እሱ ነው፤ የፕሮፌሰሩን ቤት ውሸት በዚህ መልሷል። የአጎታቸው ልጅ ዩስታስ ወደ ዘንዶ ተለውጦ ሲመለስም፣ የኤድመንድ ማጽናኛ እኔ ካንተ የከፋሁ ከሃዲ ነበርኩ የሚል ነው። ጥፋቱን እንደ ቁስል ደብቆ አልኖረም፤ ለሌላው ሰው ተጠቀመበት።

አንድ ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሱዛን። በ1956 የወጣው «የመጨረሻው ውጊያ» ሱዛን የናርኒያ ወዳጅ መሆኗ እንደቀረ ይነግረናል፤ ምክንያቱም የከንፈር ቀለም፣ የናይሎን ካልሲና የግብዣ ጥሪ ይመስላል። ፊሊፕ ፑልማንን የመሳሰሉ ደራስያን ሉዊስን በዚህ በብርቱ ነቅፈውታል፤ ትክክልም ናቸው። ሉዊስ በ1957 ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ሱዛን የምትስተካከልበት ጊዜ ገና ብዙ አለ ብሏል፤ መልሱ ደግ ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም። ይህን ጉድለት በግልጽ እንድናየው ያደረገንም ኤድመንድ ነው። ለከሃዲ ልጅ ያን ሁሉ ምዕራፍ፣ ያን ሁሉ ትዕግሥት የሰጠ ደራሲ፣ ማንንም ላልከዳች ሴት ልጅ በሌሎች አፍ የተነገሩ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ መስጠቱ፣ ራሱ ያስተማረንን ሚዛን ይዘን ስንመዝነው ያንሳል።