ማን ወሰነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ክረምት መግቢያ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይህ ተለጥፎ ነበር፦ «የማዳበሪያ ሥርጭቱ ለጊዜው እንዲቋረጥ የተደረገ ሲሆን ቀጣዩ ፕሮግራም ወደፊት የሚገለጽ ይሆናል።» ከቆላው አህያቸውን እየነዱ የመጡ አባት ልጃቸውን ሁለቴ አስነበቡና «ማነው ያቋረጠው? ማንን ልጠይቅ?» አሉ። ልጁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ ከማኅተም በቀር ያገኘው የለም።

«ማዳበሪያ ስላለቀብን ማደል አቁመናል። መኪናው ሲገባ ለየቀበሌው ሊቀ መንበር እንደውላለን» ቢል ምን ነበረበት? የአማርኛ ግስ እኮ «አቆምን» ሲል አድራጊውን በዚያው በአንድ ቃል ይናገራል። «ተ»ን ከፊት ስንቀጥልበት ነው ሰውየው የሚሰወረው።

ተደራጊ ግስ ይቅር አላልኩም። ሌባው ካልታወቀ «በሬዬ ተሰረቀ» እንጂ ሌላ ምን ይባላል? የከፋኝ እየታወቀ የሚደበቀው ነው። ጸሐፊው ምናልባት ክፋት የለበትም፤ ካምናው ደብዳቤ ገልብጦ ይሆናል። «አቆምን» ብሎ ለመጻፍ ግን አስቀድሞ አለቃውን «ማን ወሰነ? ለምን?» ማለት ግድ ይሆንበታል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አድራጊውን ሸሽጎ መጻፍ ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። የእኛው መንዝና ግሼ ግን በርስት ሙግት ያደገ አገር ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዳኛ ፊት የቆመ ባላገር ማን ከማን እንደተወለደ፣ መሬቱን ማን እንደያዘበት በስም እየጠራ ነበር የሚከራከረው፤ ጨዋነት ጎደለው ያለው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ስሙ ያልተጻፈውን በየት በኩል እንጠይቀው?

እናንተ ጋዜጠኞችም አላችሁበት። አርዕስቱ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» ነው። አንባቢው ገላጩን ፍለጋ ሦስተኛ አንቀጽ ድረስ ይወርድና «የሚመለከታቸው አካላት» የሚባሉትን ያገኛል። እነዚህን አካላት እስካሁን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ከየቢሮው «ተወስኗል» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ ከማተማችሁ በፊት ስልክ አንሱና ወሳኙን ጠይቁ። አልናገርም ካለም «መሥሪያ ቤቱ ማን እንደወሰነ ሊነግረን አልፈቀደም» ብላችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ
ከራቤል፣ ግሼ