ስድብን የሚያጅብ ሳቅ
ከባሕር ማዶ ካሉ ተወላጆች በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ላሉ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ ከወላጁ ቁጣ ይልቅ የእኩዮቹን ፍርድ ይፈራል። የቅጽል ስም፣ የዛቻና የማግለል ጉዳት በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚበረታው ለዚህ ነው። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዳን ኦልቬየስ አንድን ድርጊት የእኩያ ጥቃት የሚያሰኙ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጠዋል፤ ሆን ተብሎ ይፈጸማል፣ ይደጋገማል፣ ተጎጂውም በአቅም ስለሚያንስ ራሱን መከላከል አይችልም። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ ቢጣሉ ነገሩ ጠብ ነው፤ ይታረቃሉ። ሦስት ልጆች ግን አንዱን በየቀኑ ደብተሩን እየነጠቁ፣ በሰልፍ ላይ እየገፈተሩ፣ ስም እያወጡ ሲያሳድዱት ዕርቅ አይበቃም። ተጎጂውንም ጭምር «አንተም ተው» ብሎ መገሠጽ በደልን በበደል ላይ ይጨምራል።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የአቅም ልዩነት ከክንድ ጉልበት ብቻ አይመጣም። ነባሩ ጉሙዝ፣ አማራው፣ ቅማንቱ፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ከደጋ የወረደው አርሶ አደር፣ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረው የቀን ሠራተኛ፣ ከጋላባት የሚሻገረው ሱዳናዊ በአንድ ገበያ ይውላሉ። በዚህ አገር ማን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አይደከምም፤ ለመተንኮስ የሚፈልግ ልጅም ስድቡን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ስድቡን የሚያዘጋጁት አዋቂዎች ናቸው። ጉሙዝ ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋይ ሲታደን ኖሯል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም የቆዳን መልክ ከባርነት ጋር የሚያያይዘው ቃል ከቤት ወደ ክፍል መግባቱን አላቆመም። ሱዳናዊውን ልጅ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ካቃጠሉት፣ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛን ከወጉት ድርቡሾች ጋር መደመር ቀላል ነው፤ ልጁ ግን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአገሩ ከተነሣው ጦርነት ነፍሱን ይዞ የሸሸ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የቅርቡ ቁስል ነው። በ2011 ዓ.ም. በአማራና በቅማንት መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ያኔ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት የነበሩት ዛሬ 7ኛና 8ኛ ክፍል ደርሰዋል። በዚያ ጊዜ በየቤቱ የሰሙትን ቃል አልረሱትም።

በጅምላ መፈረጅ ማለት አንድን ሰው ሳያውቁ የወገኑ ነው በተባለ ጠባይ መፍረድ ነው። የቋራ ቤተ እስራኤላውያን ይህን በሁለት አገር ቀምሰውታል። በአገር ቤት ቀጥቃጭነታቸውና ሸክላ ሠሪነታቸው ከቡዳ ጋር ተያይዞ ሲሸሹ ኖሩ። እስራኤል ሲገቡ ደግሞ የቆዳቸው ቀለም ስድብ ሆነባቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም በበሽታ ጥርጣሬ በጅምላ ሲጣል መኖሩ ታውቆ በኢየሩሳሌም ብዙ ሺህ ሰው ሰልፍ ወጥቷል። ይህ ታሪክ የአካባቢው ተወላጆች ታሪክ ስለሆነ በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊነሣ ይገባዋል። ስድብ ሰበቡን ቀይሮ ሰውን ባሕር ማዶ ድረስ ሊከተለው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም።

በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው የቋራው ካሳ ኃይሉም ሌላ ምሳሌ ነው። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያዋርዱት ነበር። በዚህ ስም የፎከረበትን ደጃዝማች ወንድይራድን ድል አድርጎ ሲማርከው ኮሶ አጠጣው ይባላል። ልጆች ይህን በደስታ ያወሩታል። መምህሩ ግን ቆም ብሎ ሊጠይቃቸው የሚገባ ነገር አለ፤ የተዋረደ ሰው ሌላውን ሲያዋርድ ውርደቱ ከማን ላይ ተነሣ? ብዙ ተሳዳቢ ተማሪ ራሱ ቤት ውስጥ ወይም በታላላቆቹ የተደበደበ ነውና ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም።

ጥቃቱን ማስቆም የሚችለው በአብዛኛው ተመልካቹ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ በትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ በቪዲዮ ተቀርጾ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከጥቃቶቹ በ88 በመቶው እኩዮች ቆመው ያያሉ፤ ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። ከጣልቃ ገብነቱ ከግማሽ በላዩ ግን ጥቃቱን በ10 ሰከንድ ውስጥ አስቁሟል። ፊንላንድ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ያስፋፋችው የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ የእኩያ ጥቃት መከላከያ መርሐ ግብርም ትኩረቱን የሚያደርገው በሚያጅቡት፣ በሚስቁትና ዝም በሚሉት ላይ ነው። ሳቅ ሲያጣ ሰዳቢው ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪ ሊለማመደው የሚገባ ነገር ከባድ አይደለም። አለመሳቅ፣ ተጎጂውን በስሙ ጠርቶ «ና፣ እንሂድ» ማለት፣ ከእርሱ ጋር መቀመጥ፣ ከዚያም ለክፍል ኃላፊው መምህር መንገር። ሰዳቢውን ብቻውን ሄዶ መጋፈጥ ግን ለልጅ አደጋ አለው፤ አይመከርም። ጓደኛን ለማስቀጣት ማሳበቅና ሰውን ከጉዳት ለማውጣት መናገር የተለያዩ መሆናቸውን ደጋግሞ ማስረዳት የመምህሩ ድርሻ ነው። በሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ የተጎጂውን ስም ማንሣት አይገባም፤ ያ ሁለተኛ ጥቃት ነው።

የበለጠ ክትትል የሚሹ ልጆች አሉ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ማታ የሚጮሁለት ዘመድ የላቸውም። ሴት ተማሪዎች መንገድ ላይ በታላላቅ ወንዶች ይለከፋሉ፤ ይህን ጨዋታ ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከትምህርት ቀርተው የሚመለሱት፣ በአማራ ክልል ግጭት ትምህርት ተቋርጦባቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው በዕድሜ በልጠው የተገኙትም የስድብ ዒላማ ናቸው።

መምህርም ተማሪን በቅጽል ስም ከጠራ ክፍሉ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አጥቂን በአለንጋ ማረም ደግሞ ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ያረጋግጥለታል። ተጎጂውና አጥቂው ለየብቻ ይጠየቁ፣ የሁለቱም ወላጆች ይጠሩ፣ የተወሰደው ይመለስ፣ አጥቂው ለወደፊቱ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይወሰን። ድብደባና ጾታዊ ጥቃት ሲሆን ጉዳዩ በሽማግሌ አይሸፈን፤ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። የክፍል ኃላፊው ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ እንደገናም ከወር በኋላ ተጎጂውን ለብቻው ይጠይቀው፤ ጥቃት ብዙ ጊዜ ቦታ ቀይሮ ከትምህርት ቤት መውጫ መንገድ ላይ ይቀጥላልና።