በአፍ የቀረ ዜና ዕረፍት

ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ሙታን ስም እንነጋገራለን። የሰው ሞት በጋዜጣ ሲወጣ «ዜና ዕረፍት» ይባላል። የሟቹ ስም፣ የተወለደበት አገር፣ የሠራው ሥራ፣ የሞተበት ቀን ይጻፍበታል። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ማንም አንብቦ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በ1928 ዓ.ም ነው። ከተማው ተያዘ እንጂ ገጠሩ ዝም አላለም። እነ አሞራው ውብነህ፣ እነ አዳነ መኮንን ጫካ ገብተው ተዋጉ። ከእነሱ ጋር ብዙ ገበሬ ዘመተ፤ ብዙውም ወድቆ ቀረ። ታዲያ የዚያን ሁሉ ሰው ዜና ዕረፍት ማን ጻፈው?

ጣሊያን አልጻፈውም። አዲስ አበባ ላይ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ነበረው። ጋዜጣው የቆመው ግን ለገዢው ነው። በጣሊያን አፍ አርበኛ ማለት «ሽፍታ» ነው። ሽፍታ ደግሞ ተገደለ ይባላል እንጂ መቼ ይለቀስለታል? ከወረራው በፊት ግጥም ያወጣ የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ተቋርጧል። ለአርበኛው የቆመው «ባንዲራችን» ከካርቱም መምጣት የጀመረው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ቢመጣስ፣ በየመንደሩ ማንበብ የሚችለው ስንቱ ነበር? ቄሱ፣ ደብተራው፣ ሌላም ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚህ ዜና ዕረፍቱን አልቃሾች ያዙት። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ አባቱን፣ አገሩን፣ የወደቀበትን ወንዝ ታነሣለች። አርበኛውም ሲፎክር የሞተ ጓደኛውን ይጠራል። ቤት የሚመታ ቃል ቶሎ አይረሳም። ወረቀት በሌለበት ቀዬ ደብተሩ ግጥም ነበር።

ይሁን እንጂ ግጥምም ጉድለት አለው። ፎካሪ አንዱን ዐሥር ያደርጋል። አልቃሽ የሟቹን ክፉ አታነሣም። ዓመተ ምሕረትም በሙሾ አይነገርም። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ የሚያውቀው ሰው ሲሞት ግጥሙም አብሮት መቀበሩ ነው።

ጎንደር ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነው። አርበኞቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚለው መጽሐፋቸው የጎንደርን አርበኞች ታሪክ ጽፈዋል። ግን አንድ መጽሐፍ የስንቱን ቤት ሙታን ይችላል? በዳባትም በደባርቅም፣ በወገራም በጭልጋም፣ ስሙ በአንዲት አሮጊት አፍ ላይ ብቻ የቀረ ሰው አይጠፋም።

እኛ ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ ሰበብ የለንም። የዚህ ሳምንት ሥራችን ይህ ነው፦

1. ከሽማግሌ ወይም ከአሮጊት ዘንድ ሄደን፣ «ከቤታችሁ በጣሊያን ጊዜ ማን ሞተ?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ።
2. የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ አገሩን፣ የወደቀበትን ቦታ እንጻፍ።
3. የተለቀሰበት ግጥም ካለ፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንደተነገረን እንጻፍ።
4. የነገረንን ሰው ስምና የጻፍንበትን ቀን ከታች እናስፍር።
5. የጻፍነውን ለነገረን ሰው ጮክ ብለን እናንብብለት፤ የተሳሳተ ካለ ያርመናል።

አንድ ገጽ ይበቃል። ለዚያ ሰው የመጀመሪያው ዜና ዕረፍት እሱ ሊሆን ይችላልና፣ በጥንቃቄ እንጻፈው።